አሥራ አንድ ሜትር ሽቦ

«ደወሉ እሷ ጋ እንዳይሰማ አድርገህ ሥራው። ኩሽና ብቻ ይጩህ» አለችኝ እህቴ። «እሷ» የምትላት እናታችንን ነው። ይህን የተናገረችው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የምግብ ጠረጴዛውን መስታወት በአሮጌ ጋዜጣ እየወለወለች፣ ስለ መጋረጃ ዘንግ የምታወራኝ ያህል ቀለል አድርጋ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ምሳ ላይ እንግዳ ይመጣል፤ እናቴ ከክፍሏ እንዳትወጣ ተፈልጓል። በሩን ስትከፍት ኩሽና ውስጥ ደወል ይጮሃል፣ ሠራተኛዋ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ሮጣ ትደርስና «እማማ፣ ምን ልታዘዝ?» ብላ ወደ አልጋዋ ትመልሳታለች። ሌባ የሚያስደነግጥ ደወል ሠርቼ አውቃለሁ። ለሱቅ ሠርቻለሁ፣ ለመጋዘን ሠርቻለሁ፣ አንድ ጊዜም ለዶሮ ቤት። ለእናት ሲሠራ ግን ያየሁት እዚያ ቤት ነው፤ ሠሪውም እኔው ነኝ።

ለምን ታዲያ በሩን አትቆልፉትም አልኳት፣ ልወጋት ብዬ። ባሏ ክራቫቱን እያሰረ ከመኝታ ቤት ብቅ አለና እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ በመውጣቱ አዘነብኝ። መቆለፍማ ነውር ነው፣ እኛ እኮ የተማርን ሰዎች ነን፣ ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል ብሎ አስረዳኝ። ቁልፍ ነውር ሆኖ ደወል ጨዋነት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው ልለው ነበር፣ ተውኩት። ይህ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምክትል ነው። ሦስት ዋና መጥቶ ሦስት ዋና ሲሄድ እሱ ንቅንቅ አላለም። እኔና ሠራተኛዋ በሌለበት «ምክትሉ» እንለዋለን፤ እቤቱም ቢሆን ከእህቴ ሥር ምክትል ነው። አሁን ያለው ዋና በቅርቡ ሊዛወር ነው፣ ወንበሩን ማን ይያዘው ሲባል የሚጠየቀውም ይኸው ዋና ነው፣ ስለዚህ ከነሚስቱ ምሳ ተጋብዟል። ቤቱ ውስጥ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰው በጣቱ ጫፍ ነው የሚሄደው። ሶፋው ላይ መቀመጥ ክልክል ነው።

የእናቴ ጥፋት ምን መሰላችሁ? ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። አሁን ዓይኗ ደክሟል፣ ጣቷ ግን አልደከመም። ሰላም ያለችውን ሰው እጁን አትለቅም፤ እጅጌውን ይዛ ትገለብጠውና ስፌቱን ትዳብሳለች፣ ከዚያ ፍርዷን ትሰጣለች። ባለፈው እንግዳ የመጣ ጊዜ ሳሎን ገብታ የአንዱን ኮት ገለበጠችና «ገበሩ አልቋል፤ ላዩን ብቻ ነው ያሳመሩልህ» አለችው። ቀጥላም ወደ ምክትሉ ዞራ፣ ያደረገው ሱሪ ሁለት ጊዜ ከወገቡ የሰፋው በእሷ እጅ መሆኑን፣ ለሦስተኛ ጊዜ የሚለቀቅ ጨርቅ እንደማይተርፈው ለእንግዶቹ አስታወቀች። ሰው ሳቀ። ምክትሉ ሳምንት ሙሉ አላናገራትም፣ እህቴ ደግሞ ለኔ ስልክ ደውላ አለቀሰች። ዛሬም ብታበላሽብን አልችልም፣ ይዘሃት ሂድ ብላኛለች። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ከዚያች በር ከወጣች፣ ከዚያ ቤት መውጣቷ ነው።

እኔ የምኖረው ከሱቄ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሬድዮ፣ ቴሌቪዥንና ካውያ እጠግናለሁ፤ አልጋዬ ሥር ሳይቀር የሰው ቴሌቪዥን ሆዱ ተቀዶ ተኝቷል። የት ላስተኛት እላለሁ፣ ማን ይጠብቃታል እላለሁ፣ ይህን ሰበብ ስደጋግመው ኖሬ እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ግን የቸገረኝ ቦታ አይደለም። ማታ ሱቄን ዘግቼ ስገባ ማንንም አለማናገር ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለም። ስለዚህ እህቴን በሆዴ እየሰደብኩ ካቻቢቴዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እምቢ ብል ሌላ ይጠራሉ፣ ያም ሽቦውን እንደ ልብስ ማስጫ ከግድግዳ ግድግዳ ያንጠለጥለዋል፣ ቢያንስ ሥራው ንጹህ ይሁን ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የእናቴ ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ድሮ ዕቃ ቤት ነበር፣ አሁንም ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ሻንጣና የማይሠራ ማቀዝቀዣ አለበት። ማቀዝቀዣው ውስጥ ልብሷን አጣጥፋ አስቀምጣለች፤ የቅቤ ማስቀመጫው ላይ መርፌና ክር አለ። ስገባ ገና ሰላም ሳልላት እጅጌዬን ያዘች። «ይሄን ቁልፍ ማን ተከለልህ?» አለችኝ። እኔው ነኝ አልኳት። «ያስታውቃል» አለች። ከዚያ በሩ መቃን ላይ ምን እንደምለካ ጠየቀችኝ።

«ደወል ነው እማዬ።»

«ለኔ?»

«አዎ፣ ላንቺ ነው።»

የት እንደሚጮህ ጠየቀችኝ፣ ኩሽና አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አንድም ቃል አልዋሸኋትም። ግን ፊቷን ላለማየት ያን ሁሉ ጊዜ ጀርባዬን ሰጥቻት ነው የሠራሁት።

ሥራው የልጅ ሥራ ነው። ከአሮጌ መሰኪያ ውስጥ ሁለት የነሐስ ምላሶች አወጣሁና መቃኑ ላይ ጎን ለጎን አሰርኳቸው፤ በሩ ላይ ደግሞ ትንሽ የእንጨት ጉጥ መታሁ። በሩ ሲዘጋ ጉጡ አንደኛዋን ምላስ ገፍቶ ከሌላኛዋ ያርቃታል። በሩ ሲከፈት ይለቃታል፣ ተመልሳ ጓደኛዋን ትነካለች፣ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ ደወሉ ይጮሃል፤ በሩ ተመልሶ እስኪዘጋም አያቆምም። አራት የባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። አሥራ አንድ ሜትር ቀጭን ሽቦ በግድግዳው ግርጌ አስጠግቼ፣ ማዕዘን ላይ በፒንሳ አጥፌ፣ በትንንሽ ሚስማር አሲዤ ኩሽና ድረስ ወሰድኩት። እዚያ ደወሉን ከኩሽናው ማቀዝቀዣ በላይ ሰቀልኩ፣ እንግዳ በሌለበት ቀን እንዳይረብሽ ደግሞ ከሥሩ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አደረግሁ። ምክትሉ በየደቂቃው እየመጣ የእያንዳንዷን ዋጋ ይጠይቃል። «ለዚች?» ይላል ምላሷን በጥፍሩ እየነካ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው አበባ ብቻ የዚህን ሁሉ አምስት እጥፍ እንደፈጀ ሠራተኛዋ ነግራኛለች።

የተጣላነው ጽሑፉ ላይ ነው። በሙያዬ አንድ የማልታገሠው ነገር አለ። ሰው ሁሉ ሬድዮ «ክፈት»፣ ቴሌቪዥን «ዝጋ» ይላል። ስህተት ነው። ኤሌክትሪክ የሚሄደው መስመሩ ሲገጥም፣ ማለትም ሲዘጋ ነው። መስመሩ ክፍት ከሆነ ተቆርጧል ማለት ነው፣ ምንም አያልፍበትም። ይህን ለደንበኞቼ ሠላሳ ዓመት ነግሬ አንድ ሰው አልሰማኝም፣ ምክትሉም ሊሰማኝ አልፈለገም። ማብሪያዋ ላይ በብዕር ወዲህ «ዝግ»፣ ወዲያ «ክፍት» ብዬ ስጽፍ መነጽሩን አድርጎ መጣና ተገልብጧል አለኝ። የሚጮኸው ዝግ ላይ ነው አልኩት። በሩ ሲከፈት ነው የሚጮኸው አላልክም ወይ አለኝ። በሩ ሲከፈት መስመሩ ይዘጋል አልኩት። እንዲህ እየተባባልን ከቆየን በኋላ ስልኩ ጮኸና «እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ» እያለ ወጣ። ወዲህ «ይጮሃል»፣ ወዲያ «አይጮህም» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን ለምን ብዬ? ልክ የሆንኩት እኔ ነኝ። ማብሪያዋን ዝግ ላይ አድርጌ፣ እናቴ ክፍል ሄጄ በሩን ከፈትኩ፤ ሠራተኛዋ ከኩሽና «ጮኸ፣ ጮኸ» ብላ ተጣራች። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፈገግ አለች። መሣሪያዬን ሰብስቤ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ስመለስ እንግዶቹ ሳሎን ገብተዋል። ብልሽት ቢያጋጥም ቅርብ እንድሆን በሚል ኩሽና በርጩማ ላይ እንድቀመጥ ተደርጓል፤ ሠራተኛዋ በትንሽ ሳህን ሩዝና ሥጋ ሰጠችኝ። ጥቂት ቆይቶ የዋናው ሚስት እጇን ልትታጠብ ስታልፍ አየችኝ። ወርቃማ ቁልፍ የተደረደረበት ጃኬት ለብሳለች። እኔም ማንኪያዬን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። «ቴክኒሺያን ነው፣ የሆነ ነገር ሊያስተካክል መጥቶ ነው» አለች እህቴ፣ እኔን ሳታየኝ። እግሬ መሄድ ከጀመረበት ቀን አንስቶ እታለም ስላት የኖርኩ እህቴ ናት ይህን ያለችው። ሴትዮዋም በርታ አለችኝ። ሠራተኛዋ አንገቷን ደፍታ ድስት ማማሰል ጀመረች፣ የምታማስለው ግን ባዶ ድስት ነበር።

ከሳሎን ወሬው ይሰማል። የመኪና ዋጋ ጨምሯል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ጨምሯል፣ የዋናው ጉልበት ሐኪም ያየዋል፣ ጉልበት ክፉ ነው። ምክትሉ ቀልዱ ሳያልቅ ይስቃል። አንድ ጊዜማ ዋናው ገና ስለ አክስቱ መሞት መናገር ሲጀምር ሳቀና ሳቁን ለመሸፈን ረዥም ሳል ሳለ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ ሲሉ ሰማሁ። ደወሉን ቀና ብዬ አየሁት፣ ትንፍሽ አላለም። ሠራተኛዋ ጭልፋዋን እንደያዘች መጀመሪያ ደወሉን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ብድግ ብዬ በሩን ገርበብ ሳደርገው እናቴ ሳሎኑ መሀል ቆማለች። የአንገቱን ስፌት ራሷ የሠራችውን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን አበጥራለች።

«ምነው ዝም አላችሁኝ?» አለች። «አምስት ጊዜ ደወልኩ። በሩን ብከፍት ብዘጋ፣ ብከፍት ብዘጋ፣ ማንም የለም።»

እህቴ ከወንበሯ ብድግ ብላ መሄጃ አጣች። ዋናው የምን ደወል ነው እማማ ብሎ ጠየቃት። እናቴ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ እጇም ወዲያው በሴትዮዋ እጅጌ ላይ አረፈ። ልጄ ዛሬ ጠዋት መጥቶ ሠራልኝ አለች። በሩን ስከፍተው ኩሽና ይጮሃል፣ ሲያመኝም ሲደብረኝም ስጠራ ሰው እንዲመጣልኝ ነው፣ እዚያ ጥግ ሆኜ ብጣራ ለማንም አይሰማም እኮ፣ ልጄ ይህን አስቦ ነው አለች። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ኩራት ብትሰሙት። በሩን ይዤ ቆሜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

«የትኛው ልጅዎ?» አለች ሴትዮዋ።

«ኩሽና ያለው» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ እህቴን አየቻት። እህቴ አበባውን አየች። ምክትሉ ሊስቅ ሞከረና አፉ እምቢ አለው። እናቴ ግን ነገሯን አልጨረሰችም። «ምን ያደርጋል፣ አልሠራም» አለች። «ድሮም ሲቸኩል አይሆንለትም።»

አሁን የምነግራችሁን ለእናቴ አዝኜ ያደረግሁት እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ በሰው ፊት ተነቀፈ፣ ደሜ ፈላ። ዞር ብዬ ማብሪያዋን ሳይ «ክፍት» ላይ ናት። እኔ ጓሮ እያለሁ እህቴ ስትሮጥ ገብታ፣ ዝግ የሚል አይታ፣ ይሄ ደንቆሮ ሳይከፍተው ሄደ ብላ ከፍታዋለች። ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ። ቀጭ አድርጌ ወደ ዝግ መለስኩና ሳሎን ድረስ በሚሰማ ድምፅ «አሁን ሞክሪው እማዬ» አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይህን ከማድረጌ በፊት አንድ ደቂቃ ባስብ ምን ነበረበት? እናቴ ተነሳች። የሴትዮዋን እጅጌ ሳትለቅ፣ ስፌቱ ደህና ነው፣ ቁልፎቹ ግን በአንድ አንድ ክር ነው የተንጠለጠሉት፣ አውልቂው ላጥብቅልሽ አለቻት። ሴትዮዋ እየሳቀች አወለቀች። እናቴ ጃኬቱን በክንዷ ይዛ ኮሪደሩን ሄደች፣ ሁሉም ሹካውን አስቀምጦ ጠበቀ። ደወሉ ጮኸ። ንጹህ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው። ዋናው አጨበጨበ።

ቆም አለና እንደገና ጮኸ። ሠራተኛዋ ልትሮጥ ስትል ዋናው በእጁ አስቆማትና ወደ ምክትሉ ዞረ። «ምን ትቀመጣለህ? እየጠሩህ እኮ ነው» አለው። ምክትሉ የእጅ መጥረጊያውን ከአንገቱ ሳያወጣ ሄደ። ሲገባ ደወሉ ጮኸ፣ ሲወጣም ጮኸ። የደወሉት ሰው መምጣቱን ለማየት ነው አሉ ብሎ ተቀመጠ። አንድ ጉርሻ ሳይውጥ ሦስተኛው ጮኸ፤ አሁን የተፈለገው መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ዓይን ነው። ሠራተኛዋ በኮሪደሩ አጮልቃ አይታ፣ ምክትሉ በዚያ ሱሪው ተንበርክኮ፣ ምላሱን አውጥቶ ክር ሲያስገባ አየሁት ብላ ወደ ኩሽና ስትመለስ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች። አምስት ጊዜ ተመላለሰ። ዋናው በየጊዜው «ተነስ እንጂ» ይለዋል፣ ዓይኑ በደስታ ያበራል። እሱም ለእናቴ አዝኖ አይምሰላችሁ። የበታቹን እንደ ልጅ ማስነሳትና ማስቀመጥ ጥሞታል፣ ሥጋው እንኳ እንዲያ አልጣመውም። እኔም በርጩማዬ ላይ ሆኜ ሁሉንም እንቃለሁ፣ ሩዜንም እበላለሁ።

ሲሄዱ ሴትዮዋ ቁልፎቿን እየነካካች እናቴን ሳመቻት። ዋናው በሚቀጥለው ስመጣ እማማን ልጠይቅ ነው የምመጣው አለ። ስለ ወንበሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መኪናው ከግቢ ሲወጣ እህቴ ኩሽና ገባችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሰደበችኝ። ዝግ ይላል እኮ አለች፣ እንዲጮህ ብዬ ከፈትኩት፣ የትኛው አገር ነው ዝግ ሲል የሚሠራ? መስመሩ ሲዘጋ ነው እኮ ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ንቀለው አለች ቀጥላ፤ ምክትሉ ከሳሎን አይነቀልም ብሎ ተጣራ። ዋናው ተመልሶ ቢመጣና ደወሉን ቢጠይቅስ? እሷንስ ቢጠይቅ? ወንበሩ እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም ባለበት ይቆያል ብሎ ወሰነ። በሕይወቱ ብቻውን ሲወስን ያየሁት ያኔ ነው። እናቴ በቤቱ ውስጥ የምትቆየው እንዲህ ሆኖ ነው፣ ከነደወሏ፣ የአንድ ሰው ዝውውር እስኪወጣ።

ልሰናበታት ስገባ አጠገቧ አስቀመጠችኝና የእጅጌዬን ቁልፍ በጥርሷ በጥሳ እንደገና ተከለችው። ክሩን ያስገባሁላት እኔ ነኝ። ውጭ ገና ፀሐይ ነው፣ እዚያ ክፍል ግን ከሻንጣው የተነሳ ብርሃን አይገባም። ድሮም ስትሰፋ አይወራም። ክሩን ቋጥራ ስትጨርስ እጅጌዬን ሳትለቅ ቀና አለች።

«አንተ ጋ ይሰማል?»

«ምኑ?»

«ደወሉ ነዋ። ስደውል አንተም ቤት ይሰማል?»

ሰው ስለ ሽቦ አንዲት ቃል ሲሳሳት አልፌ አላውቅም። ደንበኛ አስቀይሜበታለሁ፣ ጓደኛ አጥቼበታለሁ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ በሁለት ቃል ምክንያት ከምክትሉ ጋር ጉሮሮ ለጉሮሮ ልንተናነቅ ምንም አልቀረን። ሽቦው አሥራ አንድ ሜትር ነው፤ ኩሽና ድረስ ብቻ ነው። የኔ ቤት የሚደረሰው በሁለት አውቶቡስ ነው።

«ይሰማል» አልኳት።

ጎሽ አለችና መርፌዋን ማቀዝቀዣው ውስጥ መለሰች። ቦርሳዬን አንስቼ በሩን ስከፍት ደወሉ ኩሽና ውስጥ ጮኸ። ትንሽ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ማንም አልመጣም። በሩን ዘጋሁትና ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።